ሞዴል መሥራት የልጅ ጨዋታ ብቻ ነውን?

በሀብሩ ገጠሮች፣ በመርሳና በወልድያ መንደሮች ያደገ ሰው በልጅነቱ አንድን ትልቅ ነገር በትንሹ ሳይሠራ አላደገም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እረኛው ከወንዝ ዳር ባመጣው ጭቃ ሻኛውና ቀንዱ የሚለይ በሬ ያበጃል፤ ከማሽላ አገዳ ሞፈርና ቀንበር ጠርቦ ይጠምደዋል። የከተማው ልጅ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወጣውን የጭነት መኪና እያየ ሽቦ ያጣምማል፤ ከቆርኪ ወይም ካረጀ ጫማ ጎማ ቆርጦ፣ ረጅም መሪ አበጅቶ በየመንገዱ ይነዳዋል። ሴቷም ልጅ ከጭቃ ምጣድና ጀበና ሠርታ ቤት ታደራጃለች። ይሁን እንጂ እነዚሁ ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ያን ሥራ ያፍሩበታል። «አሁንማ አድገናል» ይሉና ሽቦውን ይጥሉታል፤ ጭቃውንም ይረሱታል።

በእኔ አስተያየት ይህ ልማድ መጣል ያለበት አይደለም። መታረም፣ ማደግና በልኬት መመራት ነው የሚያስፈልገው። እንዲህ ከሆነ እስከ ጉልምስና፣ ከዚያም አልፎ እስከ ትዳርና ልጅ ማሳደጊያ ዘመን ድረስ ሊዘልቅ ይችላል፤ በልክ ከተያዘም ቤተሰብን ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ለዚህ አስተያየት ምክንያቶቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ «ሞዴል» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንወስን። የሽቦ መኪናና ሞዴል አንድ አይደሉም። የሚለያያቸው ልኬት ነው። የሽቦውን መኪና የሚሠራው ልጅ በዐይኑ ግምት ይሠራል፤ ጎማው ከመኪናው ቢበልጥም ግድ የለውም። ሞዴል ሠሪው ግን በጂኦግራፊ ትምህርት የካርታ ስኬል የምንለውን ይጠቀማል። ከላይ ሲታይ በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለውን የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ እንውሰድ። የሕንፃው ወርድና ርዝመት እያንዳንዳቸው 12 ሜትር ገደማ ናቸው። በ1 ለ50 ልክ የሚሠራ ሰው ይህን 24 ሴንቲ ሜትር ያደርገዋል። ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው በር 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስኮት 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀረዋል። ርዝመት በ50 እጅ ሲያንስ የገጽ ስፋት በ2,500 እጅ፣ ይዘት ደግሞ በ125,000 እጅ ያንሳል። ስለዚህ በትልቁ ሕንፃ ላይ የማትታይ የአንድ ጣት ስሕተት በትንሹ ላይ ጎልታ ትወጣለች። ሞዴል መሥራት ማለት እንግዲህ ማየት፣ መለካት፣ ማስላትና መታገሥ ማለት ነው። ይህን የልጅ ሥራ ነው ብሎ መናቅ እንዴት ይቻላል?

አንዳንድ ሰዎች «ይህ የባዕድ አገር ልማድ ነው» ይላሉ። የአገራችን የግንባታ ታሪክ ግን አንድን ነገር በሌላ ነገር አምሳል የመሥራት ጥበብ እንግዳ እንዳልሆነ ይመሰክራል። የአክሱም ሐውልቶችን የጠረቡት ሰዎች በአንድ ወጥ ድንጋይ ላይ የማይከፈት በርና የማይገለጥ መስኮት ቀርጸው፣ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበ ቤት አስመስለዋል። ከእነዚህ ትልቁና አሁን ወድቆ የሚገኘው ሐውልት 33 ሜትር ገደማ ሲሆን የ13 ፎቅ ቤት አምሳል ነው። ወደ ሰሜን ወሎ ስንመለስም ይኸው ጥበብ ይገኛል። በላስታ ዋሻ ውስጥ የቆመው ይምርሐነ ክርስቶስ በድንጋይና በእንጨት ንብርብር የታነፀ ነው። የላሊበላው ቤተ አማኑኤል ግን ከአንድ አለት የተፈለፈለ ሆኖ ሳለ፣ ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ የተነባበሩበት እንዲመስል ተደርጎ ተጠርቧል። እነዚህ ሥራዎች ትንንሽ ሞዴሎች አይደሉም። ሆኖም አንድን ሕንፃ አስተውሎ፣ ቅርጹን በአእምሮ ይዞ፣ በሌላ ነገር መልሶ መሥራት የታላላቅ ሰዎች ሙያ እንደ ነበረ ያስረዱናል።

ከአገራችን ውጭም ይህን የትርፍ ጊዜ ሥራ ለረጅም ዘመን ከቤተሰብ ኑሮ ጋር አስማምተው የያዙ ሰዎች አሉ። ለምሳሌ ያህል ሮድ ስቱዋርት የተባለው እንግሊዛዊ ዘፋኝ የስምንት ልጆች አባት ነው። ይህ ሰው ከ20 ዓመታት በላይ በ1 ለ87 ልክ አንድ ሙሉ ከተማ ከነባቡር ሐዲዱ ሲሠራ ኖሮ ሥራውን በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሕዝብ አሳይቷል። ለዘፈን ሥራው ከአገር አገር ሲዞር በሆቴል ተጨማሪ ክፍል እየተከራየ ሕንፃዎቹን ይሠራ ነበር። እኛ ከዚህ መውሰድ ያለብን ገንዘቡን አይደለም፤ እርሱ ባለጸጋ ነው። መውሰድ ያለብን ሥራን ቀስ በቀስ የማካሄድን ትምህርት ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ የሚሠራ ሰው በዓመት ከ100 ሰዓት በላይ፣ በዐሥር ዓመት ደግሞ ከ1,000 ሰዓት በላይ ይሠራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ዐይነቱ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። በወልድያና በሀብሩ የሚኖር ሰው ምን ዐይነት ሞዴል ቢሠራ ይጠቅማል? በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የወልድያ ስታዲየም የሚመርጥ ወጣት ሊኖር ይችላል። ደረጃውን የጠበቀ የእግር ኳስ ሜዳ 105 ሜትር በ68 ሜትር ነው፤ በ1 ለ500 ልክ ሲሠራ 21 ሴንቲ ሜትር በ13.6 ሴንቲ ሜትር ይሆንና በአንድ ጠረጴዛ ጥግ ይቀመጣል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት አያቶቻችን የኖሩበትን ክብ የሣር ቤት አስቀድማለሁ። ስታዲየሙን ሄዶ ማየት ይቻላል። የሣር ቤቱ ግን በየዓመቱ ለቆርቆሮ ቤት ቦታውን እየለቀቀ ነው። የቆርቆሮ ቤት መብዛቱ የሚያስከፋ አይደለም፤ ሣር በየጊዜው መለወጥ አለበት፣ እሳትም ይፈራል። የሚያሳዝነው ቤቱ ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮ መሄዱ ነው።

አንድ አባት ከልጆቹ ጋር የዚህን ቤት ሞዴል በ1 ለ25 ልክ ይሥራ እንበል። አምስት ሜትር የነበረው ምሰሶ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስድስት ሜትር የነበረው የቤቱ ወርድ 24 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሥራው እንደ ተጀመረ ጥያቄ ይነሣል። ወራጁ ስንት ነው? ማገሩ በግድግዳው ላይ በምን ያህል ርቀት ይታሰራል? በልጥ ነው ወይስ በገመድ? ጉልላቱስ በምን ይጸናል? አባት ይህን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ወደ አያት መሄድ ግድ ይሆናል። አያትም ለትንሹ ምሰሶ ሲሉ ለብዙ ዓመታት ያላነሡትን ነገር ያነሣሉ፤ «እንዲህ አይደለም፣ በዚህ በኩል እሰረው» እያሉ ሦስት ትውልድ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል። ምሰሶ፣ ማገር፣ ወራጅ፣ ጉልላት፣ ልጥ የሚባሉት ቃላት በልጆቹ አፍ ላይ ሕይወት የሚያገኙት ያን ጊዜ ነው። በመዝገበ ቃላት ብቻ የሚገኝ ቃል ይረሳል፤ እጅ የዳሰሰው ነገር ስም ግን አይረሳም። የቋንቋ ተማሪ ይህን በቀላሉ ሊያልፈው አይገባም።

ይህ ጉዳይ ከናፍቆት ያለፈ ዋጋም አለው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ ባለፉ ጊዜ ንብረት ጠፍቷል፤ ተቋማትም ተጎድተዋል። ሰው በአንድ ቀን ሊያጣ የሚችለው ነገር ምን ያህል እንደ ሆነ የዚህ አገር ልጅ መጽሐፍ ሳያነብ ያውቀዋል። የፈረሰውን መልሶ ለመሥራት ደግሞ ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። የፖላንድ ዋና ከተማ ዋርሶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረሰች ጊዜ፣ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ከጦርነቱ በፊት እየለኩ ያዘጋጇቸው የአሮጌ ቤቶች ንድፎች ተደብቀው ተርፈው ነበርና አሮጌውን የከተማዋን ክፍል መልሶ ለመገንባት ረድተዋል። ተማሪዎቹ በለኩበት ቀን ሥራቸው ለዚህ ይውላል ብለው አላሰቡም። በመርሳም ሆነ በወልድያ የአያቱን ቤት ለሞዴል ሲል የለካ፣ ልኩንም በደብተር የጻፈ ወጣት ለቤተሰቡ የማይናቅ ቅርስ ያኖራል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ነው፤ ይኸውም ሞዴል እንጀራ አይሆንም ማለት ነው። እውነት ነው፤ አይሆንም። ነገር ግን የሰው ሥራ ሁሉ በእንጀራ ብቻ አይለካም። ሞዴል ሠሪ ሁሉ መሐንዲስ ባይሆንም፣ ከመቍረጥ በፊት ሁለት ጊዜ መለካትን የለመደ ሰው በተሰማራበት ሁሉ ይህ ልማድ ይከተለዋል።

ሁለተኛው ወጪው ነው። ከውጭ የሚመጡት የተዘጋጁ የሞዴል ዕቃዎች ውድ መሆናቸውን አልክድም። ለጀማሪ ግን አያስፈልጉትም። የዕቃ ካርቶን፣ የክብሪት እንጨት፣ ሽቦ፣ የማሽላ አገዳ፣ ጭድ የገባበት ጭቃ፣ ጥቂት ኮላ፣ ማስመሪያና ምላጭ ይበቃሉ። ከቤት ወጪ ተቀንሶ የሚሠራ ሞዴል ካለ እርሱ ስሕተት ነው፤ የልጅ ደብተር ሳይገዛ ቀለም መግዛት አይገባም።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ ጊዜን የሚመለከት ነው። አባት በአንድ ጥግ ተቀምጦ ክብሪት ሲደረድር እናት እንጀራ ትጋግራለች፣ ልጅ ታጥባለች፣ ውሃ ትቀዳለች፤ ይህ እንዴት ደግ ልማድ ይባላል? ይህ ጥያቄ በአጭር መልስ የሚታለፍ አይደለም። በሚስት ድካም ላይ የሚቆም የትርፍ ጊዜ ሥራ ስሙ ብቻ ነው የትርፍ ጊዜ፤ የተወሰደው ከሌላ ሰው ጊዜ ነውና። ስለዚህ የቤቱ ሥራ ተከፋፍሎ ከተፈጸመ በኋላ የሚተርፈውን ሰዓት ባልና ሚስት እኩል ሊያዙበት ይገባል። እርሱ ለሞዴሉ ሁለት ሰዓት ከወሰደ እርሷም ለወደደችው ነገር ሁለት ሰዓት ልታገኝ ይገባታል። ሞዴሉን መሥራት የምትወደው እርሷ ብትሆንም ሕጉ ያው ነው። ወንድ ልጅ ወደ ጠረጴዛው ሲጠራ ሴት ልጅ ወደ ጓዳ የምትላክ ከሆነም ጨዋታው ከመጀመሪያው ተበላሽቷል፤ ማስመሪያውን ሁለቱም ይያዙ።

ከዚህ ጋር አብረው መጠበቅ ያለባቸው ሁለት ደንቦች አሉ። አንደኛው የቦታ ደንብ ነው። ሥራው ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ምላጩና ኮላው ሕፃናት ከማይደርሱበት ይዋል። ሁለተኛው የትዕግሥት ደንብ ነው። ሕፃን ባለበት ቤት አንድ ቀን ሞዴሉ መሰበሩ አይቀርም። የሦስት ወር ሥራውን በልጁ እጅ ተሰብሮ ያገኘ አባት ያን ጊዜ ይፈተናል። ልጁን ከመታ፣ ሞዴሉ ከልጁ በልጦበታል ማለት ነው። የተሰበረውን ማገር አንሥቶ «ና፣ አብረን እንጠግነው» ካለው ግን የሠራው ቤት በእውነት ቆሟል። ትንሹ ልጅ ካርቶን ይያዝ፤ ከፍ ያለው ይለካ፤ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰው ስሌቱን ያስላ፤ ለእያንዳንዱ የዕድሜው ድርሻ አይታጣም።

በጠቅላላው ሞዴል መሥራት ሲጀመር የልጅ ጨዋታ ነው፤ በልኬት ሲመራ ግን ትምህርት፣ በቤተሰብ መካከል ሲሠራ ደግሞ የፍቅርና የመታሰቢያ ሥራ ይሆናል። የሚጠይቀው ዋጋ አንድ ነው፤ ይኸውም ሞዴሉን የምንለካበትን ጥንቃቄ ያህል ለሥራው የምንሰጠውንም ጊዜ መለካት ነው። ስለዚህ፣ ተማሪዎች፣ የሽቦውን መኪና ለታናሽ ወንድማችሁ ስጡት፤ ሽቦ የማጣመሙን ጥበብ ግን አትጣሉት። በዚህ ሳምንት የአንድ ክፍል ቤት ርዝመትና ወርድ ለክታችሁ በደብተራችሁ ጻፉ፤ በ25ም አካፍሉት። የአያት ጎጆ በቅርብ ካለ ከእርሱ ጀምሩ፤ አያት በሕይወት ሳሉ ደግሞ ስለ ማገሩና ስለ ወራጁ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።