ቋጠሮህን ማን አየልህ?

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን አንድ የቀን ሠራተኛ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሊቆርጥ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ገመድ አልነበረውም፤ ያሠራውም ሰው ስለ ገመድ አልጠየቀም። ሲወድቅ አየሁት። ሕይወቱ ተርፏል፤ ቀኝ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። በዙሪያው የቆምነው ሁሉ «ዕድሉ ነው» አልን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ተማሪዎች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ዋርካ ላይ መውጣት እንለማመዳለን። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ዲግሪ ፍለጋ መጥተው ጦጣ ሆኑ» እያሉ ይሥቁብናል። ይሣቁ፤ ዳሩ ግን አስቀድመው የምንማረውን ይስሙ።

በመጀመሪያው ወር ከሰው ቁመት በላይ አልወጣንም። ቋጠሮ ስናስርና ስንፈታ ከረምን። ኦስትሪያዊው ተራራ ወጪ ካርል ፕሩሲክ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም. ያስተዋወቀው ቋጠሮ ክብደት ሲያርፍበት ዋናውን ገመድ አጥብቆ ይይዛል፤ ክብደቱ ሲነሣለት ይንሸራተታል። ገመዱ የሚያርፍበት ቅርንጫፍ ደረቅ አለመሆኑን እናያለን፤ ማንም ሳይወጣ ሁለት ሰዎች ከታች ተንጠልጥለው ይፈትኑታል። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን ዛፍ እንተወዋለን። መጋዝ የያዘ ሰው በሁለት ቦታ ሳይታሰር አይቆርጥም። ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ ግን፣ ጓደኛህ ቋጠሮህንና ቀበቶህን በእጁ ዳስሶ ሳያይልህ እግርህ ከመሬት አይነሣም።

«አባቶቻችን ማን አስተማራቸው?» የሚል አይጠፋም። አባቶቻችን ተምረዋል! የከፋ ንብ አናቢ ቀፎውን በገመድ ስቦ ከረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቅለው ከታላላቆቹ ጋር ጫካ እየወረደ ሙያውን ስለ ቀሰመ ነው። በከተማችን ግን ቅርንጫፍ ቆራጩ ብቻውን ይወጣል፤ ብቻውንም ይወድቃል። ከወደቁ በኋላ መንፈራገጥ ደግሞ ለመላላጥ ነው።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ሁለት ገመድና ሁለት ቀበቶ ይግዛልን እላለሁ። በዚህ ሥራ የሚያድሩትን ሰዎች ጠርተን አብረን እንለማመድ። እነርሱ ዛፉን ያውቃሉ፤ እኛ ቋጠሮውን ለምደናል፤ ከሁለት ወገን እንማማራለን። ይህ ውለታ አይደለም፤ «ዕድሉ ነው» ብለን ላለፍነው ሰው ያለብን ዕዳ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት ከዋርካው ሥር ነን። የሚሥቀውም ይምጣ፤ ቋጠሮ የሚያይ ዓይን ያስፈልገናል።