ፕላን የሚጸድቀው የት ነው?



ከጥቂት ጊዜ በፊት ባደግሁበት የአዲስ አበባ ሰፈር በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል። ጎዳናው፣ ባለ ብዙ ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃዎቹ፣ የመኪና ማቆሚያውና የአትክልቱ ስፍራ በልዩ ልዩ ቀለም ተሥለውበታል። ሰብሳቢው ካርታውን በእንጨት እያመለከቱ ካስረዱ በኋላ «ጥያቄ ያለው?» አሉ። እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ሦስት ልጆች ያሳደጉ አንዲት እናት ተነሡና «ልጄ፣ ቤታችሁስ ያማረ ነው። ግን እኔ ምጣዴን የምጥደው በየትኛው ፎቅ ላይ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰብሳቢው ግን አልሳቁም፤ «እማማ፣ ፕላኑ እኮ ጸድቋል» ብለው ወደሚቀጥለው ጠያቂ አለፉ።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ይኸው መልስ ነው። ፕላኑ አስቀድሞ ከጸደቀ እኛ ለምን ተሰበሰብን? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለምን?

አሳቤን ከመዘርዘሬ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኔ የአዲስ ቤት መሠራት ተቃዋሚ አይደለሁም። ክረምት በገባ ቁጥር ጣራው ሲያፈስ ሣፋ እየደቀንን ያደርን፣ ለብዙ ቤተ ሰብ አንድ መጸዳጃ ቤት ተሰልፈን የተጠቀምን ልጆች የጭቃ ቤትን ኑሮ እናውቀዋለን። ድህነቱ እንደ ቅርስ ተጠብቆ ይቀመጥ የሚል ሰው ካለ፣ በዚያ ቤት ያልኖረ ሰው ነው። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ከ900,000 የሚበልጥ ሰው ስሙን ማስመዝገቡ የቤት ችግሩ ምን ያህል እንደ ሆነ ያለ ብዙ ቃል ያስረዳል።

ቤቶቹም እንዲህ ያረጁት ነዋሪው ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩም ተቀነሰ። ይህ ለድኃው ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን የሚሰበሰበው ኪራይ ቤቱን ለማደስ የማይበቃ ሆነ፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ያጠራቀማትን ገንዘብ ለማፍሰስ አልደፈረም። ባለቤቱ አላደሰ፣ ነዋሪው አላደሰ፤ ቤቱ በሁለቱ መካከል ቆሞ አረጀ። ዛሬ ያው እርጅና ሰፈሩን ለማፍረስ ምክንያት ሲሆን፣ ነዋሪውን አለመጠየቅ በበደል ላይ በደል መጨመር ነው።

በካርታው ላይ የማይታየውስ ምንድን ነው? የቀበሌ ቤት ተከራይ ባለንብረት ስላልሆነ የቤቱ ካሣ አይደርሰውም። ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት ወይ ምትክ የቀበሌ ቤት ነው፣ ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ነው። በ20/80 በሚባለው አሠራር ከዋጋው 20 በመቶውን አስቀድሞ መክፈል፣ 80 በመቶውንም ለባንክ በየወሩ መመለስ ያስፈልጋል። በቀን ገቢ የሚያድር ሰው ይህን የወር ዕዳ ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ ብዙው ዕጣ የደረሰውን ቤት ለሌላ አከራይቶ፣ እርሱ ራሱ ርካሽ ቤት ፍለጋ ይሄዳል። በስሙ የኪራይ ደብተር የሌለው ደባልማ ከነጭራሹ አይቈጠርም። የጉልቷ ነጋዴ ደንበኞቿን፣ አሮጊቷ ዕድራቸውን፣ ዕቁብተኛው ዕቁቡን ያጣል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው ሕዝባችን፣ የካ አባዶ ወይም ኮዬ ፈጬ ሲደርስ ጎረቤቱን እንደ ገና «ማን ልበል?» እያለ ይጀምራል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርሱ ከጭቃው ጋር የተበተነው ይህ ሁሉ ነው።

«ሕዝብን መጠየቅ ጊዜ ይፈጃል፤ ልማትን ያዘገያል» የሚሉ አሉ። በመካከላችንም፣ በተለይ ከምህንድስና ወንድሞቻችን ዘንድ፣ ይህን አሳብ ሰምቻለሁ። ነገር ግን አለመጠየቅ ጊዜ ያተርፋልን? አዲስ አበባንና በዙሪያዋ የነበረውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን ያስተሳሰረው ማስተር ፕላን በባለሙያዎች ብዙ ተደክሞበት ነበር። በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ተነሣበት፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በጥር ወር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ ቀረ። ገበሬው መሬቱ በካርታ ላይ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ የሚጠፋው የጥቂት ወራት ጊዜ ብቻ ነበር።

መጠየቅም የደግ ሹም ስጦታ አይደለም፤ መብት ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43፣ ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574ም የሕዝብን ተሳትፎ ከመርሆዎቹ አንዱ አድርጎ ጽፏል። እንግዲህ የጎደለን ሕጉ ሳይሆን የሥራው ቅደም ተከተል ነው፤ ማኅተሙ ቀድሞ ጥያቄው ይከተላል።

በበኩሌ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ምክር ቤት አንድን የቤት ሥራ ፕላን ከማጽደቁ በፊት፣ ካርታው ማንም ሰው በሚገባው ቋንቋ ተብራርቶ በሰፈሩ ውስጥ ቢያንስ አንድ ወር ይሰቀል። ባለ ደብተሩ ብቻ ሳይሆን ደባሉም፣ የጉልት ነጋዴውም ይቈጠር። ለቀረበው ተቃውሞ ሁሉ በጽሑፍ መልስ ይሰጥ። በዚያው ሰፈር መኖር የሚፈልግ ድኃ እንደ አቅሙ የሚከራየው ቤት በሕንፃዎቹ ውስጥ ይመደብለት።

እኛስ? ካርታ ማንበብ የተማርነው ለፈተና ብቻ ነውን? የሕግ ተማሪው አዋጁን፣ የምህንድስና ተማሪው ካርታውን፣ የኅብረተሰብ ጥናት ተማሪው የነዋሪውን ኑሮ ያውቃል። ቅዳሜና እሑድ በየዕድሩ ተገኝተን ፕላኑን ብናስረዳ፣ የነዋሪውንም አሳብ በወጉ ጽፈን ብናቀርብ ምን ይከብደናል? መምህሮቻችንም ፕላን እንዲያጠኑ ሲጠሩ፣ «ነዋሪው ምን አለ?» የሚለውን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው እንዲያደርጉት በአክብሮት እለምናለሁ።

በገጠር አንድ ችግኝ ጸደቀ የሚባለው ስለ ተተከለ ብቻ አይደለም፤ ሥሩ አፈሩን ሲይዝ ነው። ፕላንም እንዲሁ ነው። በምክር ቤት እጅ ስለ ወጣለት ብቻ አይጸድቅም፤ በሚያርፍበት ሰፈር ሰው ዘንድ ሥር ሲይዝ ይጸድቃል። የእኚያ እናት ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ምጣዳቸውን የት ይጣዱ?

አሳቤን የሚቃወም ቢኖር በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ ለመማር ዝግጁ ነኝ።