ጎመኑን ማን በላው?

ሰኔ ግም ብሎ ዝናቡ መሬቱን ካረሰረሰው በኋላ፣ በጎንደር ከተማ ከፒያሳ ዙሪያ ካሉት ጠባብ ግቢዎች አንሥቶ እስከ ዳባትና ደባርቅ ደጋ ድረስ በጓሮው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚተክለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ማታ ደኅና የነበረው ችግኝ ግን ጧት ሲታይ ቅጠሉ ተበሳስቶ፣ አንዳንዱም ግንዱ ብቻ ቀርቶ ይገኛል። ወዲያው «ትል ፈጀን» ይባላል። ቀጥሎም መርዝ ይገዛል፤ ያውም አንዳንድ ጊዜ ስሙና አጠቃቀሙ ባልተጻፈበት ጠርሙስ ተቀንሶ የሚሸጥ መርዝ። በእኔ አስተያየት ይህ ልማድ ሊቀር ይገባዋል። መርዙ ጎጂ መሆኑ አንድ ነገር ሆኖ፣ ከዚያም በላይ ብዙውን ጊዜ የሚረጨው ጎመኑን ባልበላው ፍጡር ላይ ነው።

በክረምት ሌሊት ጓሮን ከሚያጠፉት አንዱ ቀንድ አውጣ ነው። ቀንድ አውጣ ስንል ዛጎሉን በጀርባው ተሸክሞ የሚሄደው ብቻ አይደለም፤ ዛጎል የሌለው፣ ልስልስና ልጋጋም ዘመድ አለው። ችግኝን በብርቱ የሚጎዳው ይኸው ዛጎል አልባው ነው። ምላሱ እንደ ሞረድ ሸካራ ሲሆን፣ በላዩ የተደረደሩት ጥቃቅን ጥርሶች በሺህ ይቈጠራሉ። ከሰውነቱ አብዛኛው ክፍል ውሃ በመሆኑ ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል፤ ስለዚህ ቀን ቀን በድንጋይ፣ በበሰበሰ እንጨትና በእርጥብ ሣር ሥር ተደብቆ ይውላል፤ ሲመሽ ወይም ሲያካፋ ይወጣል። ባለቤቱ ቀን ጓሮውን ቢመለከት ጠላቱን የማያየውም ስለዚህ ነው።

ሆኖም ምልክቱን ትቶ ይሄዳል። በሄደበት ሁሉ ልጋጉ ይደርቅና በጧት ፀሐይ እንደ ብር ክር ያብረቀርቃል። ቆራጭ ትል ከሆነ ግን ችግኙን ከአፈሩ አጠገብ ቆርጦ ይጥለዋል፤ ራሱም በአቅራቢያው አፈሩ ሲጫር ተጠቅልሎ ይገኛል። ክሽክሽ ደግሞ ቅጠሉን ያጨማድደዋል እንጂ አይበሳውም። እነዚህን ሦስቱን ሳይለዩ መርዝ መግዛት፣ ሆዱን የታመመ ሰው ለዓይን የታዘዘ መድኃኒት እንደ መውሰድ ነው።

ቀንድ አውጣ ከነፍሳት ወገን አይደለም፤ ዝምድናው ከባሕር ዛጎሎች ጋር እንጂ ከአንበጣና ከጥንዚዛ ጋር አይደለም። በመሆኑም ለነፍሳት ተብለው ከተሠሩት መርዞች አብዛኞቹ እምብዛም አይጎዱትም። የሚሞቱት ሌሎች ናቸው፤ ይኸውም አበባ የሚቀስሙት ንቦችና በመሬት ላይ የሚሮጡት ጥቋቁር ጥንዚዛዎች ናቸው። ከእነዚህ ጥንዚዛዎች መካከል የቀንድ አውጣን እንቁላልና ገና የተፈለፈሉትን ልጆቹን የሚበሉ አሉ። እንግዲህ መርዝ የረጨው ሰው በገንዘቡ የጠላቱን ጠላት ገደለ ማለት ነው።

ስለ ጎመን በተለይ አንድ ነገር መነሣት አለበት። መርዝ በትክክል የሚጠቀም ሰው ከረጨ በኋላ ሰብሉን ሳይነካ መጠበቅ የሚገባው የተወሰነ ቀን አለ። ስንዴ ወይም ባቄላ የሚታጨደው አንድ ጊዜ ስለሆነ ቀኑን መጠበቅ ይቻላል። የሐበሻ ጎመን ግን ቅጠሉ ከሥር እየተቀነጠበ ለወራት ይበላል፤ ዛሬ ለወጥ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ለገበያ። እናት ቅዳሜ ገበያ ይዛው የምትወርደው እስር ጎመን መቼ እንደ ተረጨ ገዢው በምን ያውቃል? መርዙስ በጓሮው ብቻ መች ይቀራል? የአንገረብ ግድብ ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ነው፤ ከግድቡ በላይ ካሉት ማሳዎች የክረምት ጎርፍ የሚያጥበው ሁሉ ወደዚያው ይወርዳል።

«ለራሱ ለቀንድ አውጣ የተሠራ መርዝ አለ» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። እውነት ነው፤ ሜታልዴሃይድ የሚባለው አለ፤ ቀንድ አውጣንም ይገድላል። ዳሩ ግን እንደ ጥራጥሬ ሆኖ ስለሚበተን ዶሮ ትለቅመዋለች፤ ውሻም ይበላውና ይሞታል። ብሪታንያ ለወፎችና ለዱር እንስሳት ሠግታ ከቤት ውጭ እንዳይበተን የከለከለችው እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ነው። ዶሮዎች ከጓሮ ወደ ጓሮ በሚመላለሱበት አገር ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

መፍትሔው የሚገኘው ከራሱ ከእንስሳው ጠባይ ነው። ቀን የሚደበቅበት ካጣ አይሰነብትም፤ ስለዚህ ከመደቡ ዙሪያ ሣሩን ማጨድና ድንጋዩን ማንሣት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ውሃ የሚጠጣውን አትክልት ማታ ሳይሆን ጧት ማጠጣት ይገባል፤ አፈሩ እስኪመሽ ላዩ ይጠነፍፋልና። ዶሮዎችን ከመትከል በፊት መሬቱን እንዲጭሩት መልቀቅ እንቁላሉን ያስለቅማል፤ ከተከሉ በኋላ ግን ዶሮዋ ራሷ ችግኙን ትበላለች።

ከሁሉም የሚበልጠው መልቀም ነው። አሮጌ ጣውላ ወይም እርጥብ ጆንያ በመደቡ አጠገብ አንጥፎ ማሳደር፣ ጧትም ገልብጦ ከሥሩ የተጠለሉትን መሰብሰብ፤ ወይም ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ የእጅ ባትሪ ይዞ መውጣት ነው። በየቤታችን የማይጠፋው አተላም ያገለግላል። የእርሾው ሽታ ቀንድ አውጣን ይስባልና፣ ጣሳ ቀብሮ ጥቂት አተላ ቢጨምሩበት ገብቶ ይሰምጣል። የጣሳው አፍ ከአፈሩ በጣት ያህል ከፍ ይበል፤ አለዚያ እነዚያ ጠቃሚ ጥንዚዛዎች አብረው ይገባሉ። ይህን የሚጠራጠር ተማሪ በአንድ መደብ ሞክሮ ለአንድ ሳምንት የለቀመውን ይቍጠር።

አመድ ግን ከሚወራለት ያነሰ ነው። ደረቅ ሲሆን እውነትም ያግደዋል፤ ይሁን እንጂ በጎንደር ሐምሌና ነሐሴ የትኛው አመድ ደርቆ ያድራል? ጨው መነስነስ ደግሞ መሬቱን ያበላሻል።

መልቀም አድካሚ መሆኑ አይካድም። የጥማድ መሬት ባቄላ የዘራ ገበሬ በእጁ ልልቀም ቢል አይሆንለትም። እዚህ የምንናገረው ግን ስለ ጓሮ ነው፤ የጓሮ መደብ ደግሞ ሁለት ልጆች በሩብ ሰዓት የሚጨርሱት ነው።

ከመርዝ መራቅ ይገባል ሲባል ከዕፅዋት የተገኘ ሁሉ ደግ ነው ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የውሃ ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፍ በመሆኑ ግኝቱ ታላቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ለሚበላውም ሰው መርዝ ነው። እንዶድ ወቅጦ በጎመን ላይ ለመርጨት የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ ከጓሮው የሚወርደው ጎርፍ ወደ ቀሃ ወይም ወደ አንገረብ ነውና።