የመኪና ዋስትና መግዛት ይጠቅማልን?

በየዓመቱ በምትወጣው በዚህች መጽሔታችን ላይ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት ወረቀት ነው። ይህችም ወረቀት ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው በተጨማሪ ገንዘብ የምትሸጥ፣ «መኪናው ቢበላሽ እኛ እናሠራለን» የምትል የዋስትና ወረቀት ናት። ነገሩ የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ነው ብሎ ገጹን የሚያልፍ ተማሪ ቢኖር አልፈርድበትም፤ ዳሩ ግን በኛ በጌጃ ሰፈር መኪና ማለት ለብዙ ቤተ ሰብ የቤት ኪራይና የጤፍ መግዣ፣ የደብተርም ዋጋ ስለ ሆነ፣ መኪናው በቆመ ቀን አብሮት የሚቆመው ነገር ብዙ ነው።

ይህን ነገር ማሰብ የጀመርሁት ባጎቴ ምክንያት ነው። አጎቴ ሾፌር ነው። ብዙ ዓመት የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ዕቁብ ሲወጣለት ብድር ጨምሮ አንዲት ያገለገለች ቶዮታ ቪትዝ ገዛ። ሻጩ ወጣት ገንዘቡን ቈጥሮ ከተቀበለ በኋላ «ጋሼ፣ 30,000 ብር ቢጨምሩ የአንድ ዓመት ዋስትና እንሰጥዎታለን፤ ተኝተው ያድራሉ» አለው። እናቴ «ተው፣ ገንዘብህን ለወረቀት አትስጥ» ብላው ነበር፤ እርሱ ግን ከፈለ። በአምስተኛው ወር ከጦር ኃይሎች ሲመለስ መኪናዋ ሞቀችና ቆመች። ጋራዥ ተጐትታ ስትከፈት የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ፣ ቴስታታውም ተጣሞ ተገኘ። አጎቴ ወረቀቱን ይዞ ቢሄድ የተሰጠው መልስ የሚከተለው ነበር፦ «ሞተር በዋስትናው ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ሞተሩን ያጠፋው ያፈሰሰው ራዲያተር ነው፤ ራዲያተር ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከዚህም በላይ ዘይት የቀየሩት እኛ ጋራዥ አይደለም።» ማታ ወረቀቱን ተቀብዬ ከፊት እስከ ኋላ አነበብሁት። ሰውየው አልዋሸም፤ ሁሉም ተጽፏል። የሚከፈለው ነገር በትልቅ ፊደል፣ የማይከፈለው ግን አጎቴ ያለ መነጽር ሊያየው በማይችል ፊደል ነበር። መኪናዋ 11 ቀን ቆመች፤ ለጥገናው ያወጣውም የዋስትናው ዋጋ እጥፍ ነበር።

ዋስ የሚለው ቃል ባገራችን አዲስ አይደለም። በቀድሞው ሙግት «ዋስ ጥራ» ሲባል የሚጠራው ቤቱ የሚታወቅ፣ ከብቱና ርስቱ የሚቈጠር ሰው ነበር። የተዋሰለት ሰው ቢጠፋ ዕዳው በዋሱ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ዋስ ከመቀበል በፊት ዋሱ ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንዳለውም ይመረመር ነበር። ዛሬ መኪና የሚገዛ ሰው ዋስትናው ስንት ወር እንደ ሆነ ይጠይቃል እንጂ ዋሱ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሱቁ ከዓመት በኋላ እዚያው ይገኛልን? የራሱ ጋራዥ አለውን? ገንዘቡ ከየት ይከፈላል? እነዚህን ሳይጠይቁ መክፈል የማይታወቅ ሰው ዋስ አድርጎ እንደ መቀበል ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ፤ ሕጉ ራሱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሰጠው ዋስትና መኖሩ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበትና ከውሉ ጋር የሚስማማ ለመሆኑ ኃላፊ እንደ ሆነ ይናገራል። ገዢው ዕቃውን እንዳገኘ መመርመር፣ ጉድለት ቢያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ በ1 ዓመት ውስጥ መክሰስ ይችላል። እንዲሁም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ከነጋዴ የተገዛ ዕቃ ጉድለት ቢገኝበት ገዢው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። እርግጥ ነው፣ ሻጭና ገዢ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የተሰጠውን ዋስትና በውላቸው ሊቀንሱት ይችላሉ። «መኪናውን አይቼ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ» የምትለው ዐረፍተ ነገር ሳትነበብ የምትፈረመው ለዚህ ነው። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኰል ቢሸሽግ ግን እንዲህ ያለው ቃል አያድነውም። ልደታ ፍርድ ቤት ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም፤ የሚርቀው የቀጠሮው ቀን ነው የሚል ሰው ቢኖር እኔም አልከራከረውም።

በሌላ አገር ይህ ንግድ እጅግ ተስፋፍቷል። በአሜሪካ ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጥናት፣ ተጨማሪ ዋስትና ከገዙት ባለ መኪኖች መካከል 55 ከመቶ የሚሆኑት አንድ ጊዜ እንኳ ለጥገና አልተጠቀሙበትም። በሚዙሪ ክፍለ ግዛት የነበረው ዩ.ኤስ. ፊዴሊስ የተባለ ትልቅ የዋስትና ሻጭ እ.ኤ.አ. በ2010 ከሰረ፤ ባለቤቶቹ የነበሩት ወንድማማቾችም በ2012 በፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አመኑ። በዚያ የሚኖሩ ዘመዶቻችን «የመኪናዎ ዋስትና ሊያልቅ ነው» የሚለውን የስልክ ጥሪ አሳምረው ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በ3 ወር ብቻ ከ5 ቢሊዮን በላይ እንዲህ ያለ ጥሪ ያደረጉ ሰዎች በ2023 ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥተዋል። ሻጩ ከብዙ ሰው ሰብስቦ ለጥቂቱ ይከፍላል፤ ከተሰበሰበውም ላይ የቢሮ ኪራይ፣ የደላላ ድርሻና ትርፍ ይወጣል። ስለዚህ ገዢዎቹ ሁሉ ተደምረው ሲታሰቡ የሚያገኙት ከከፈሉት ያነሰ መሆኑ ግድ ነው።

«ኢንሹራንስስ እንዲሁ አይደለምን?» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ አባባላቸውም ቀላል አይደለም። በዕለት ገቢ የሚኖር ሾፌር አንድ ከባድ ብልሽት ቢደርስበት መኪናውንም ቤቱንም ሊያጣ ይችላል፤ እንዲህ ላለው ሰው ትንሽ ከፍሎ ትልቁን ጉዳት ማስወገድ ብልኅነት ነው። ነገር ግን ኢንሹራንስ የሚሠራ ድርጅት በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 746 መሠረት ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ማግኘትና በባንኩ ቁጥጥር ሥር መሆን አለበት። የመኪና ሱቅ ማኅተም የተመታባት ወረቀት ከኋላዋ ይህን የመሰለ ተቈጣጣሪ የላትም። ደግሞም ሦስተኛ ወገን እየከፈለ «እኔማ ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል ሰው ተሳስቷል፤ እርሱ በመኪናው ለተጐዳ ለሌላ ሰው ነው። ሙሉ ኢንሹራንስም ቢሆን ለግጭትና ለስርቆት እንጂ በእርጅና ለሚበላሽ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ አስተያየቴ ልለይ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን በዝቷል። የዚህ መኪና ነፍሱ ባትሪው ነው፤ ባትሪው ከሞተ የሚጠይቀው ገንዘብ የመኪናውን ዋጋ ወደ መቅረብ ይደርሳል። ብዙ ፋብሪካዎች ለባትሪ የ8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። ዳሩ ግን ያ ዋስትና ብዙ ጊዜ የሚጸናው መኪናው እንዲሸጥበት በታሰበው አገር ነው። ባዲስ አበባ መንገድ የምናየው ቮልስዋገን አይዲ 6 ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ነውና፣ ያስመጣው ነጋዴ በራሱ ስም ካልተዋሰ ገዢው ዋስ የለውም። እዚህ ላይ፣ ዎርክሾፕና የሠለጠነ ሠራተኛ ያለው አስመጪ ስለ ባትሪው በጽሑፍ የሚሰጠውን ዋስትና ተጨማሪም ከፍሎ ቢሆን መግዛት ይገባል እላለሁ።

ለአሮጌ ቪትዝና ኮሮላ ግን 30,000 ብር ሌላ ሥራ ይሠራል። ከርሱ ጥቂቱን ሻጩ የማያውቀው መካኒክ ይውሰድ፤ ውል ከመፈረሙ በፊት ይሁን። መካኒኩ መኪናው ገና ሳይሞቅ ጧት ያስነሣው፣ የጭሱን ቀለም ይይ፣ የራዲያተሩን ውኃ ከፍቶ ዘይት እንዳልገባበት ይመልከት፣ የሞተሩን ግፊት ይለካ፣ ካምቢዮውን በዳገት ይፈትን። ያጎቴን ቪትዝ የሠራው የሰፈራችን መካኒክ «ይህ ራዲያተር ከመገዛቱ በፊት የተበየደ ነው፤ ብታሳዩኝ ኖሮ ባምስት ደቂቃ እነግራችሁ ነበር» ብሎ አጎቴን አናደደው።

አጎቴ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ 1,000 ብር ለብቻው ባንክ ያስቀምጣል። ባለፈው ወር የፊት ጎማው ኩሽኔታ መጮህ ሲጀምር ከዚያው አውጥቶ፣ ሶማሌ ተራ በእግሩ ሄዶ ገዝቶ፣ በማግሥቱ ሥራ ገባ። የዋስትናዋም ወረቀት አልተጣለችም፤ ጀርባዋ ንጹሕ ስለ ሆነ የቅዳሜውን ሒሳብ የሚጽፈው በርስዋ ላይ ነው።