ዘርን በመዝገብ ስለ መጠበቅ

በደብረ ሲና ገበያ ከጣርማ በር ደጋ የወረደው ገብስና ከቆላው የወጣው ጤፍ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ገበሬውም ዘር ያጠረው እንደ ሆነ ከጎረቤቱ ይለውጣል፤ ዘር ለወገን አይነፈግምና።

ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. የጤፍ ዘር በውል የተሰጠው አንድ የሆላንድ ኩባንያ፣ በ1999 ዓ.ም. በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት የሚባለውን የብቻ መብት በአውሮፓ አገኘ። በሆላንድ ይህ መብት የተሻረው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው፤ የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራ የለበትም ብሎ ፈረደ። ይህም የሆነው በነጋዴዎች መካከል በተነሣ ክርክር እንጂ በኢትዮጵያ ክስ አይደለም።

መድኃኒቱ ዘርን መደበቅ ነው የሚሉ አይታጡም፤ ነገር ግን ተሳስተዋል። ፓተንት ለአዲስ ነገር ብቻ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ ተጽፎ ለሁሉ የተገለጠውን ማንም የእኔ ፈጠራ ነው ሊል አይችልም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482ም የአካባቢው ሕዝብ በዘሩ የመጠቀምና እርስ በርሱ የመለዋወጥ መብቱን አጽንቶለታል።

ስለዚህ የየወረዳው ሹማምንት የየቀበሌውን ዘር ከነስሙ፣ ከነአዘራሩና ከነአበሳሰሉ ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች አስጠይቀው በመዝገብ ማጻፍ፣ ለሕዝብም መግለጥ ይገባቸዋል። ሥራው ብዙ ገንዘብ አያስወጣም፤ ችላ ቢባል ግን የአባቶችና የእናቶች ድካም በባዕድ ስም ይጠራል።