በዓሉ ግርማን በመጥፋቱ ብቻ?

በዓሉ ግርማ ሲነሳ ጨዋታው ሁሌም አንድ ነው። «ለመሆኑ ምን አደረጉት?» ይላል አንዱ። ሌላው መንገድ ዳር ቆማ ስለተገኘችው ቮልስዋገን ያነሳል። ሦስተኛው ከአጎቱ የሰማውን ይጨምርበታል። ማኪያቶው ያልቃል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ስለ መጽሐፎቹ አንድም ቃል ሳናወራ እንለያያለን።

እኛ በዓሉን እንወደዋለን። እንዲህ ዓይነቱ መውደድ ግን እያሳፈረን መጥቷል።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ታተመ። የቀይ ኮከብ ዘመቻን ከውስጥ ሆኖ ያየ ሰው የጻፈው ነበርና ባለሥልጣናቱ ራሳቸውን አዩበት። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህ መቼም ሊረሳ አይገባም። ግን ሰውየውን የወሰዱት መጽሐፎቹን መውሰድ አልቻሉም። እነሱን የተውናቸው እኛው ነን።

ይህን የምንጽፈው ከቦኖሻ ነው። የት ነው ለምትሉ፣ ሀዲያ ውስጥ፣ ሻሾጎ ወረዳ፣ ከሆሳዕና በስተምሥራቅ። እዚህ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ «ሐዲስ» አለን። ሽፋኑ የለም፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾችም የሉም። በዓሉ በ1966 «የሕሊና ደወል» ብሎ ያሳተመውን አስፍቶ እንደገና የጻፈው ልብ ወለድ ነው። ደራሲው ወደተወለደበት ወደ ኢሉባቦር የሄደ አንድ ወጣት መምህር ትምህርት ቤት ለማሠራት ይነሳል። ትንሽ ከተማ ውስጥ አንድ ነገር ልሥራ ብሎ የተነሳ ሰው ምን እንደሚገጥመው እኛ እናውቀዋለን።

ከመካከላችን አንዱ መምህር ነው። መጽሐፉ ተራው ደርሶት እጁ ሲገባ የዝውውር ማመልከቻ ጽፎ ኪሱ ውስጥ ይዞ ነበር። በሦስት ሌሊት ጨረሰውና ተናዶ መጣ። «ቆይ፣ ሐዲስ የቤት ኪራይ ይከፍላል እንዴ?» አለን። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ያን ዕለት እስኪመሽ ተከራከርን፦ «መምህር ሻማ ነው» የሚባለው ነገር ለማን እንደሚጠቅም፣ አንድ ሰው ለአንድ ከተማ ስንት ዓመቱን መስጠት እንዳለበት። ስለ ቮልስዋገኗ ማንም አላነሳም። ማመልከቻው ይኸው እስከ ዛሬ አልገባም፤ አልተቀደደምም።

ደራሲን ማድነቅ ለእኛ ይሄ ነው። በዓሉ እንድናዝንለት አልጻፈም። «መነን»ን እና «አዲስ ዘመን»ን በዋና አዘጋጅነት የመራ ጋዜጠኛ ነበርና ወሬ አያንዛዛም፣ ገጸ ባሕርያቱንም መልአክ አያደርጋቸውም። የ«ኦሮማይ»ው ፀጋዬ እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ አስመራ ላይ ፊያሜታን ሲወድ፣ ፍርዱ የአንባቢው ነው።

በ2017 «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር ታተመ። ደስ ብሎናል። የለንደን አንባቢ ስለ ፊያሜታ ሲከራከር እኛ መኪናዋ ላይ ቆመን መቅረታችን ግን ይከብዳል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ምን አደረጉት?» የሚል ሲመጣ፣ «የትኛውን አንብበሃል?» በሉት። ዝም ካለ አትሳቁበት፤ አውሱት። የእኛን «ሐዲስ» ግን አትጠይቁን፣ ወረፋው ረጅም ነው።