እንግዳ በመጣ ጊዜ ትምህርት ለምን ይቆማል?

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ



በዚህ መጽሔት ላይ በየዓመቱ ስለ ትምህርት ጥቅም ብዙ ይጻፋል። እኔም ብዕሬን ያነሣሁት ስለ ትምህርት ለመጻፍ ነው፤ ነገር ግን ጥቅሙን ለማስረዳት አይደለም፤ እርሱንስ ከእኔ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ጽፈው ጨርሰውታል። የእኔ ነገር ከዚያ ያነሰ ይመስላል። ይኸውም በርዳታ የተሠራን የገጠር ትምህርት ቤት ረጂዎቹ ሊጐበኙት በመጡ ዕለት እኛ ስለምናደርገው ነገር ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ዋጋ እንዳስከፈለን ስላየሁ ዝም ለማለት አልቻልሁም።

እኔ የተወለድሁት በፎገራ ሜዳ ላይ፥ ከጉማራ ወንዝ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ነው። ሜዳውን የሚያውቅ ሰው ክረምቱንም ያውቀዋል። ርብና ጉማራ ከደጋው ይዘውት የወረዱትን ውሃ ጣና ሳያደርሱት በሜዳው ላይ ይበትኑታል፤ ለሩዛችን በረከት የሆነው ውሃ ለቤታችን ጠላት ነው። በ1998 ዓ. ም. ክረምት በደረሰው ጎርፍ ብዙ ሰው ከቤቱ ወጥቶ እንደ ነበር ወላጆቻችን እስከ ዛሬ ያወሩታል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ በባሕር ዛፍ እንጨትና በጭቃ የተሠራ የመማሪያ ክፍል ጥቂት ክረምት ቢቆም ትልቅ ነገር ነው። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የተማርሁት እንደዚህ ባለው ክፍል ውስጥ ነበር። መቀመጫችን የጭቃ መደብ ስለ ሆነ፥ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት መደቡ ገና እርጥብ ነውና ከየቤታችን ጆንያ እየያዝን እንመጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ የውጭ አገር የበጎ አድራጎት ማኅበር ሲሚንቶውን፥ ቆርቆሮውን፥ በርና መስኮቱን፥ ዴስኩንም ጭምር ችሎ በድንጋይ መሠረት ላይ አራት ክፍሎች ተሠሩልን። ለዚህ ምስጋና ይገባል፤ ምስጋናውንም ከልቤ አቀርባለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ እኛ ካለንበት ሜዳ ላይ ድንጋይ የለም። መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው፤ ቢቈፍሩት ጭቃ እንጂ ድንጋይ አይወጣውም። ስለዚህ ገበሬው ድንጋዩን ከኰረብታው ሥር በአህያና በትከሻ አመጣ፤ አሸዋውን ከወንዙ ዳር አውጥቶ ተሸከመ፤ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ሩዝ በጣሳ ሰፍሮ ሰጠ። አባቴ አህያችንን ይዞ ስድስት ቀን ሠርቷል። አህያዋም ጀርባዋ ቆስሎ አንድ ወር ያህል ገበያ አልወረደችም። (ይህን የምጽፈው በምስጋናው ዝርዝር ውስጥ እርሷም አባቴም ስላልገቡ ነው።) ሥራው አልቆ በግድግዳው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የተጻፈው የማኅበሩ ስምና የምረቃው ቀን ብቻ ነው።

እንግዶቹ የመጡት በ2011 ዓ. ም. እኔ አምስተኛ ክፍል በነበርሁበት ጊዜ ነው። ይመጣሉ ከተባለበት ቀን አስቀድሞ ዐሥር ቀን ያህል ትምህርት የሚባል ነገር አልነበረም። መዝሙር ተለማመድን፤ ግቢ ጠረግን፤ የመንገዱን ዳር ድንጋዮች ኖራ ቀባን። በመጋዘን ተቈልፈው የኖሩት መጻሕፍት ወጥተው በጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ፤ እንግዶቹ በሄዱ ማግሥትም ተመልሰው ተቈለፉባቸው። ከሌሎቹ ክፍሎች ዴስክ እየተወሰደ እንግዶቹ የሚገቡበት አንዱ ክፍል ብቻ ሙሉ እንዲሆን ተደረገ። ይህ ሁሉ ይቅር ይባል። እኔ ይቅር ለማለት ያቃተኝ በዋዜማው በሰልፍ ላይ የተነገረን ነው። ጫማ የሌለውና ልብሱ የተቀደደ ልጅ ነገ ቤቱ ይዋል ተባለ።

ከእኔ ጋር ባንድ ዴስክ የሚቀመጥ ጓደኛ ነበረኝ፤ ስሙን አልጽፍም። በሒሳብ ከክፍላችን የሚበልጠው አልነበረም፤ ጫማ ግን አልነበረውም። በማግሥቱ እኛ በሰልፍ ቆመን ስንዘምር እርሱ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ በቅንጭቡ መካከል ያየን ነበር። እኔም አየሁት፤ እርሱም እንዳየሁት ዐወቀ። እንግዶቹ ያን ሁሉ አገር አቋርጠው የመጡት ለማን ኖሯል? እንዲህ ላለው ልጅ አይደለምን? የመጡለትን ልጅ ደብቀን ጫማ ያለንን አሳየናቸው።

ከእንግዶቹ መካከል ፀጕራቸው የሸበተ አንዲት ሴት ነበሩ። ሌሎቹ ፎቶግራፍ ሲያነሡ እኚህ ሴት ከመምህራችን ጠጋ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ፤ መምህራችንም ፈገግ ብለው መለሱላቸው፤ ሴትዮዋም በደብተራቸው ጻፉ። እኔ በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛው አልገባኝም። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ያንኑ መምህር ወረታ ገበያ ላይ አገኘኋቸውና ምን ተባብለው እንደ ነበር ጠየቅኋቸው።

«ምን የጎደላችሁ ነገር አለ? ብላ ነበር የጠየቀችኝ» አሉኝ።

«እርስዎስ ምን አሏት?»

«ምንም አልጎደለንም አልኋት» አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን የደስታ አልነበረም። «ልጄ፥ በእንግዳ ፊት ገበና አይገለጥም። ደግሞም አለቆች አጠገቤ ቆመው ነበር።»

አንባብያን ሆይ፥ በዚያች ዕለት የትምህርት ቤቱ የውሃ ጕድጓድ ፓምፕ ከተሰበረ አራት ወር ሆኖት ነበር። የሴቶቹ መፀዳጃ ቤት በር አልነበረውም። ከፍ ከፍ ያሉት ልጃገረዶች እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤታቸው ይሄዱና ብዙዎቹ በዚያው ይቀሩ ነበር። ከእኔ ጋር አምስተኛ ክፍል ከነበሩት ሴቶች ልጆች ስምንተኛን ያለፉትን ብቈጥር የአንድ እጄ ጣቶች ይተርፋሉ። በእርግጥ ለዚህ ምክንያቱ በሩ ብቻ ነው አልልም፤ ያለ ዕድሜ መዳርም አለ፥ ድኽነትም አለ። ሆኖም አንድ ፓምፕና አንድ በር ለመጠገን የሚበቃ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ከዚያው ቆመው ምን ጎደላችሁ ብለው ጠይቀውን፥ ምንም ብለን ሸኘናቸው።

መምህሬን አልወቅስም። እኔም በእርሳቸው ቦታ ብሆን ከዚያ የተለየ እመልስ ነበር ለማለት አልደፍርም። ይህ ይሉኝታችን ነው። እናቶቻችን እንጀራ ያለቀ ዕለት እንግዳ ቢመጣ ከጎረቤት ተበድረው ያቀርባሉ እንጂ አለቀብን አይሉም፤ ይህም ክብር ነው እንጂ ነውር አይደለም። ነገር ግን ሊበላ የመጣ እንግዳና ሊሠራ የመጣ ሰው አንድ አይደሉም። በአገራችን ወንፈል አለ። ለሩዝ አረም ወንፈል የመጣ ጎረቤት ከማሳው ዳር ቆሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው አረሙ የጠናው የቱ ጋ ነው ብሎ ነው። ባለማሳውም ወደዚያው ይመራዋል። ንጹሑን ጥግ አሳይቶ፥ ጠላ አጠጥቶ፥ ዘፍኖ የሚሸኝ ገበሬ በፎገራ እስከ ዛሬ አልታየም፤ ቢታይም መሳቂያ ይሆናል። ትምህርት ቤት ላይ ሲደርስ ግን ሁላችንም እንዲህ እናደርጋለን።

ከውጭ የመጣ ርዳታ ለአገራችን ትምህርት አዲስ ነገር አይደለም። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስዊድን ርዳታ በየገጠሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲሠሩ ሕዝቡም ድርሻውን ያዋጣ ነበር። በ1955 ዓ. ም. ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች መጥተው በየከተማው አስተምረዋል። በ1957 ዓ. ም. ደግሞ የራሳችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ። እነዚህ መምህራን ከሕዝቡ ጋር ኖረዋል። ዓመት የኖረ ሰው ፓምፕ ቢሰበር ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ ራሱም ይጠማልና። ለግማሽ ቀን የመጣ ሰው ግን ያሳየነውን ብቻ አይቶ ይሄዳል፤ ስለዚህ እርሱን ማታለል እጅግ ቀላል ነው።

ገንዘቡም የሀብታም ትርፍ ብቻ እንዳይመስለን። በግንቦት 1973 ዓ. ም. ካርልሃይንዝ በም የተባሉ ተዋናይ በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርበው፥ ከተመልካቾቹ ከሦስቱ አንዱ እንኳ አንድ ማርክ አያዋጣም ብለው ተወራረዱ። ውርርዱን እርሳቸው ረቱ፤ የተዋጣው ገንዘብ ከሦስቱ አንዱ አንድ ማርክ ቢሰጥ ኖሮ ከሚደርሰው በታች ነበርና። ሆኖም ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰብስቦ ስለ ነበር በዚያው ገንዘብ ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውንም ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ በክልላችን በመርሐቤቴ፥ በሌሎችም አውራጃዎች ብዙ ትምህርት ቤቶች አሠርቷል። የዚያ ሁሉ መነሻ ቤታቸው ተቀምጠው የነበሩ ተራ ሰዎች የሰጡት አንድ አንድ ማርክ ነው። የእኛዎቹ እንግዶችም ገንዘቡን ያገኙት በከተማቸው ኬክ ጋግረው እየሸጡ እንደ ሆነ በአስተርጓሚ ነግረውናል። ኬክ ሸጦ ላዋጣ ሰው እውነቱን መደበቅ ጨዋነት ይባላልን?

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው፥ እንግዲያው ርዳታው ሁሉ ይቅርብን፥ ልመና ያዋርዳል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በራሳችን መሥራት እንደምንችልማ ታይቷል፤ የአማራ ልማት ማኅበር በ1984 ዓ. ም. ከተቋቋመ ጀምሮ አባላቱ በሚያዋጡት ገንዘብ ስንት ትምህርት ቤት እንዳሠራ ሁላችን እናውቃለን። የሚያዋርደው መቀበሉ ሳይሆን የራስን ድርሻ መርሳቱ ነው። ለዚህም ማስረጃዬ ያ ሰሌዳ ነው። ባለፈው ዓመት ነፋስ ከአንዱ ክፍል ላይ ሁለት ቆርቆሮ ሲገነጥል፥ ድንጋዩን በትከሻቸው ያመጡት ሰዎች ራሳቸው «ባለቤቶቹ መጥተው ያድሱት» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እነርሱ በዚያ ግድግዳ ላይ ስማቸው የለምና ግድግዳውም የእነርሱ አልመሰላቸውም።

ታዲያ እንግዳን እንዴት እንቀበል? ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል፥ በዚሁ በፎገራ ወረዳ፥ አውራ አምባ አለ። ዙምራ ኑሩ የተባሉት፥ እርሳቸው ትምህርት ቤት ገብተው ያልተማሩ ሰው፥ በ1964 ዓ. ም. የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። ወንዱም ሴቱም ሥራን እኩል ስለሚካፈሉ ዝናውን ሰምቶ ከውጭ አገር ሳይቀር ብዙ ሰው ሊያያቸው ይመጣል። እኔም ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ሄጄ አይቻለሁ። መግቢያ ከፍለን አንድ አስጐብኚ ይዞን ዞረ፤ ሸማኔው ከሸማ ሥራው ቀና ብሎ ሰላምታ ሰጠንና መወርወሪያውን መወርወሩን ቀጠለ። በመጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ እንግዳ መጥቶ እንዴት አይነሡም አልሁ። በኋላ ግን ያየሁት እውነተኛ ሥራቸውን መሆኑን ተረዳሁ፤ ያንን ቀን ለእኔ ብለው አልፈጠሩትም።

ትምህርት ቤቶቻችንም እንደዚያ ሸማኔ ቢያደርጉ እወዳለሁ። እንግዳው በትምህርት ቀን ይምጣ፤ ከኋላ ዴስክ ላይ፥ ሦስት ልጆች በሚቀመጡበት፥ አራተኛ ሆኖ ይቀመጥ፤ የሒሳቡን ትምህርት ባይገባውም ይስማ። ከዚያ በኋላ የወላጆች ኮሚቴ ጉድለቱን አንድ በአንድ ይንገረው፤ ሕዝቡ ያዋጣውንም ጭምር። ቡናውና ዳቦው ከዚያ ወዲያ ይደርሳል። ከረሜላ መበተን ግን ቢቀር ደስ ይለኛል፤ በዚያን ዕለት ለከረሜላ ስንሻማ የአንዲት ልጅ እጅ ተረግጦ ነበር፥ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ያ ሲሆን ፎቶግራፍ መነሣቱ ነው።

ከ2015 ዓ. ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ እኛም ጋ ከዚያ ወዲህ እንግዳ አልመጣም። ሆኖም ዘንድሮ ከእነዚያ ሰዎች ለቀድሞው ትምህርት ቤቴ ደብዳቤ ደረሰ፤ ሰላም ሲሆን ተመልሰው ለማየት ይፈልጋሉ፥ እስከዚያው ግን ትምህርት ቤቱ እንዴት እንዳለ ይጠይቃሉ። ዲሬክተሩ እኔ እንግሊዝኛ እንደምችል ሰምተው መልሱን እንዳረቅቅላቸው ጠሩኝ። አረቀቅሁት። የተገነጠለውን ቆርቆሮ፥ እስከ ዛሬ ያልተጠገነውን ፓምፕ፥ የመፀዳጃ ቤቱን በር ጻፍሁ። ገበሬው ያመጣውን ድንጋይም ጻፍሁ። በመጨረሻም በ2011 ዓ. ም. በመጡ ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያያቸው አንድ ልጅ እንደ ነበረ፥ በሒሳብም ከክፍሉ አንደኛ እንደ ነበረ፥ ስድስተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ከብት ጠባቂ ሆኖ እንደ ተቀጠረ ጨመርሁበት።

ደብዳቤውን ለዲሬክተሩ ከሰጠኋቸው አምስት ሳምንት ሆኖታል። ሁለት ጊዜ አንብበውት መሳቢያቸው ውስጥ አስቀምጠውታል፤ ማኅተም ግን እስካሁን አላረፈበትም።